ባንኩን ሳትሸጥ ባንኮ ሥራ!

የዛሬው ወሬያችን ስለ ፍቅር አይደለም። አትደንግጡ፣ መጨረሻው አካባቢ ትንሽ ፍቅር ጣል ተደርጎበታል። ዋናው ጉዳያችን ግን እንጨት ነው። እንጨት ስላችሁ ደግሞ ማገዶ የሚሆነውን ሳይሆን እንጀራ የሚሆነውን ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከአታት ነው። አታትን ለማታውቁ፣ ከወልቂጤ ተነስታችሁ የሆሳዕናውን መንገድ ይዛችሁ ዩኒቨርሲቲው ያለባትን ጉብርዬን ስታልፉ የምታገኟት የጉራጌ መንደር ናት። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በሆስፒታሏ ነው። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሆስፒታል ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚያ አለና ከሩቅ ሁሉ በሽተኛ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ከሆስፒታሉ ወጣ ስትሉ ግን ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ከፊት እንሰት፣ ከኋላ ባህር ዛፍ።

ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። ስሙን አንጠቅስም። በቴክኒክና ሙያ እንጨት ሥራ ተምሮ ጨርሷል። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ መዶሻና ስኳድራ አለው። የሌለው ነገር ባንኮ ነው፤ ያ የአናጢ የሥራ ጠረጴዛ። በዚህ የተነሳ ጣውላውን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ቁጢጥ ብሎ ነው የሚሠራው። አንድ የመስኮት ፍሬም ለመላግ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፣ ማታ ደግሞ ወገቡን ይዞ ይተኛል። ሥራ ይዘው የመጡ ሰዎች ሁኔታውን ዓይተው "እስቲ እንመለሳለን" ብለው እንደወጡ ቀሩ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ "የብረት ሞርሳ ያለው፣ ያለቀለት ባንኮ ግዛ፤ ያለዚያ ሰው አያምንህም" አለው። አባቱ ደግሞ (አባት መቼም አባት ነው!) ከጓሮ ያለውን ባህር ዛፍ በሙሉ በቁሙ ሸጠው ሊሰጡት ተስማሙ። ነጋዴው መጥቶ ዛፉን ቆጥሮ ሄዷል። የቀረው የልጁ ቃል ብቻ ነው። "ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?" ይላል ደብዳቤው።

ወንድሜ፣ መልሴን ሳላንዛዛ ልንገርህ፤ አይሸጥ! ነጋዴው ነገ ተመልሶ ሲመጣ "ሐሳባችንን ቀይረናል" በሉት። ምክንያቱን ደግሞ ረጋ ብለን እንየው።

ጉራጌ አገር ባህር ዛፍ እንዲሁ ዛፍ አይደለም። ባንክ ነው። ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲፈርስ፣ የሆነ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ከዚያ ይወጣል። በአይሱዙ ጢም ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው አጠና ስንቱን ፎቅ ደግፎ እንዳቆመ ቤቱ ይቁጠረው። ይህ ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት በተጨነቀችበት ወቅት ነው ይባላል። ዛሬ ግን የገበሬው ቁጠባ ሆኗል። ጓሮውን በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በቁሙ፣ ለቸኮለ ሻጭ በሚሰጠው ዋጋ መሸጥ ማለት ደግሞ የባንክ ደብተርን ዘግቶ መውጣት ማለት ነው። ለምን? ለጠረጴዛ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ "ባንኮ" የሚለው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ስኳድራ የምንላቸውም እንደዚያው። የሚገርመው "ባንክ" የሚለውም የዚያው ቤተሰብ ቃል መሆኑ ነው። ድሮ የጣሊያን ገንዘብ ለዋጮች ሥራቸውን የሚሠሩት አግዳሚ ላይ ስለነበር ስሙ ከአግዳሚው ወደ ገንዘቡ ተሻገረ። ልጁ እንግዲህ ባንኩን ሸጦ ባንኮ ሊገዛ ነው። እኔ የምለው ግን ከባንኩ አራት አምስት ዛፍ ብቻ ወጪ አድርገህ ባንኮውን ራስህ ሥራ ነው። ባህር ዛፍ ደግሞ ደግ ነው፤ ከሥር ስትቆርጠው ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የተቆረጠውን የሚመልስ ሌላ ምን ባንክ አለ?

እናትህ ባንኮ አላቸው

ብዙ ወጣት ባንኮ ሲባል የሚታየው የፋብሪካ ዕቃ ነው። ቫርኒሽ የተቀባ፣ መሳቢያ ያለው፣ ፎቶ ሲነሱበት የሚያምር። ተሳስተዋል። ባንኮ ማለት ሥራህን ቀጥ አድርጎ የሚይዝልህና ሁለቱን እጆችህን ነጻ የሚያወጣልህ ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ካላመናችሁኝ እንሰት የሚፍቁ እናቶችን ተመልከቱ። ሳንቃውን አጋደል አድርገው ያቆማሉ፣ የእንሰቱን ቅጠል እግር ላዩ ላይ ይዘረጋሉ፣ በአንድ እግራቸው ከላይ ተጭነው ይይዙታል። ሁለቱ እጆች ነጻ ናቸው፤ ያለ ችግር ወደ ታች ይፍቃሉ። ሳንቃው ባንኮ ነው፣ እግራቸው ሞርሳ ነው! የአታቱ ወንድማችን ከልጅነቱ ጀምሮ ባንኮ ሲያይ ነው ያደገው፣ ግን ማንም ስሙን አልነገረውም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የጀመሩት ከዚሁ ነው። ጀርመን አገር ሳልቡርግ በሚባል የሮማውያን ምሽግ ውስጥ ከጉድጓድ የወጡ፣ ከ2ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩ የአናጢ ባንኮዎች አሉ። ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ? ወፍራም ግንድ ተጠርቦ አራት እግር የተተከለበት ዝቅ ያለ አግዳሚ ነው። መሳቢያ የለው፣ ቫርኒሽ የለው። አናጢው ላዩ ላይ ተቀምጦ ሥራውን በሰውነቱ ይጫነዋል። በዚያ ዕቃ ነው ስንት ነገር የሠሩት።

ስለዚህ የባንኮ ነገር ሦስት ጥያቄ ነው። ስትገፋው ይነቃነቃል? ላዩ ጠፍጣፋ ነው? ሥራህን ይይዛል? መጀመሪያ የማይነቃነቅ እናድርገው።

ግቢ ላለው ሰው፤ እግሩን ቅበረው

የአታቱ ወንድማችን ከከተማ ልጆች የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ሀብት አለው። ወለሉ አፈር ነው። አፈር ወለል ያለው ሰው ባንኮውን እንደ ቤት ምሰሶ መትከል ይችላል። በዓለም ላይ ከዚህ የረከሰና ከዚህ የጸና ባንኮ የለም ብል ማጋነን አይሆንም።

አራት ቀጥ ያሉ የቀይ ባህር ዛፍ ግንዶችን ምረጥ፣ ውፍረታቸው ከ14 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑትን። ልጣጫቸውን አንሳ። ርዝመታቸው 1 ሜትር ከ40 ይሁን፤ 60 ሳንቲው መሬት ውስጥ ይገባል፣ 80ው ከላይ ይቀራል፣ 5 ሳንቲ የላይኛው ጣውላ ሲጨመርበት 85 ይመጣል። የሚቀበረውን ጫፍ እሳት ላይ አዟዙረህ ላዩ እስኪጠቁር አቃጥለው። ከቀዘቀዘ በኋላ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው። ምስጥ ለምትባለው ጠላት ነው ይሄ። ዘይቱ ግን የውሃ ጉድጓድ አጠገብ እንዳይፈስ አደራ! ከዚያ ግንዶቹን በየጉድጓዳቸው አቁመህ፣ በውሃ ልክና በቱምቢ ዓይተህ፣ ድንጋይና አፈር እያፈራረቅክ ጠቅጥቀው። ጥቅጠቃው ላይ አትቸኩል። ጎረቤት የሚስቅብህ እስኪመስልህ ድረስ ጠቅጥቅ።

ቁመቱን በተመለከተ አንድ የማይስት መለኪያ አለ። ቀጥ ብለህ ቆመህ እጅህን ወደ ታች ልቀቅ። ከመሬት እስከ የእጅህ አንጓ ያለው ልክ የባንኮህ ቁመት ነው። 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ80 እስከ 85 ሳንቲ ይመጣል። ሥራህ አብዛኛውን መላግ ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ መላጊያን የሚገፋው ክንድ ብቻ ሳይሆን የሰውነት ክብደት ነውና። መሮ የሚበዛበት ከሆነ ደግሞ ከፍ ይበል። የሰው ባንኮ ላይ ሠርታችሁ ወገባችሁን ካመማችሁ ጥፋቱ የወገባችሁ ላይሆን ይችላል።

ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ይበቃል። ከዚያ ሰፋ ካደረግከው የቤተሰቡ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆንብሃል። የምሬን ነው! ሰፊ ባንኮ ባለበት ቤት ጀሪካንና የአተር ጆንያ ቦታ አያጣም።

ቀሚስ ያለው ባንኮ

አሁን ወደ ላይኛው ክፍል እንምጣ። ሀብታም አናጢ 10 ሳንቲ ውፍረት ያለው ድፍን እንጨት ያነጥፋል። ዋንዛ ቢሆን ደስ ይላል፤ ግን ዋንዛን እርሱት። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በስም ጠርቶ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር፤ እነዚህ ዛፎች ምን ያህል እንደተመናመኑ ከዚያ ገምቱ። ለጠረጴዛ ሲባል የአያት ዋንዛ መጣል ደግሞ ነውር ነው።

የድሃው ዘዴ ሌላ ነው። ፒተር ኒኮልሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1812 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእጅ ሙያ መጽሐፍ ላይ ያሳየው ባንኮ ላዩ ቀጭን ነው፤ ግን ከፊትና ከኋላ ሰፋፊ ጣውላ እንደ ቀሚስ ወርዶበታል። እኔ "ባለ ቀሚሱ" እለዋለሁ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ጣውላ አስተኝታችሁ ብትጫኑት ይለምጣል፤ በጎኑ አቁማችሁ ብትጫኑት ግን ንቅንቅ አይልም። ቀሚሱ በጎኑ የቆመ ጣውላ ስለሆነ ቀጭኑን ላይ ይሸከመዋል፣ እግሮቹንም እጅ ለእጅ አያይዞ እንዳይወዛወዙ ያደርጋል።

ለዚህ የሚሆነው የረከሰ እንጨት የት ይገኛል? ሕንጻ በሚሠራበት ሁሉ! ለኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ ያገለገለ ጣውላ ሥራው ሲያልቅ በርካሽ ይሸጣል። ወልቂጤም ቡታጅራም የሕንጻ ሥራ አላጣቸውም፤ እየዞርክ ጠይቅ። ስትመርጥ ቀጥ ያለውን ምረጥ፣ ምስማሩን አንድ በአንድ ንቀል፣ ሲሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ ፋቅ። ሲሚንቶ የነካው መላጊያ ስለት ከዚያ በኋላ ቅቤም አይቆርጥም። ከፋቅከው በኋላም ንጹሑን ፊት ወደ ላይ፣ ሲሚንቶ የነበረበትን ወደ ታች አድርገህ አንጥፍ።

ሁለት የፊት እግሮችና ሁለት የኋላ እግሮች አሉህ። ከፊት እግር ወደ ኋላ እግር አግዳሚ አስር፤ መሐል ላይም ከቀሚስ ወደ ቀሚስ አንድ ጨምር። 20 ወይም 25 ሳንቲ ወርድ ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች በፊትና በኋላ ከእግሮቹ ጋር እሰር። ከዚያ 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለውን ጣውላ አንጥፈህ፣ ላዩ ላይ ሁለተኛ ድርብ ጨምርበት፤ የመጀመሪያው ድርብ መጋጠሚያ ከሁለተኛው መጋጠሚያ ጋር እንዳይገናኝ። ይሄው 5 ሳንቲ ሆነ። ምስማሩን በድርብቡ ውስጥ በደንብ ቅበረው፤ አንድ ቀን መላጊያህ ያገኘዋልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብህ ነው፣ ጆሮህን ስጠኝ። ገንዘብህን የምታወጣበት ብቸኛ ቦታ ብሎን ነው። ቀሚሱን ከእግሩ ጋር በምስማር እንዳታስር! እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም እንደ እባብ ይጣመማል። ምስማሩ እዚያው ሲቆም እንጨቱ ይሸሸዋል፤ በሁለት ወር ውስጥ ባንኮህ እስክስታ ይመታል። ብሎን ግን እንጨቱ በሸሸ ቁጥር በቁልፍ ይጠብቃል። በየእግሩ ሁለት ሁለት፣ 12 ሚሊ ውፍረት ያላቸው በድምሩ 8 ብሎኖች ከነዳዷቸው ይበቁሃል። ብሎኑ የሚያርፍበትን የግንዱን ፊት በመጥረቢያ ጠርበህ ጠፍጣፋ አድርግ፣ ርዝመቱንም ከዚያ በኋላ ለክተህ ግዛ። ከሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ (ያቺ የተቀዳደች ሳንቲም የምትመስለው) አግባበት፣ ያለዚያ ዳዶው እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። ትራፓኖ ከሌለህ ተዋስ። ለአንድ ቀን ነው።

የቀረውን ባህር ዛፍ፣ ለወደፊት ሥራ ጣውላ ላስደርገው ካልክ፣ ፀሐይ ላይ እንዳትወረውረው። ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እያስገባህ ደርድር፣ ከላይ ድንጋይ ጫንበት። ጫፍ ጫፉን በተረፈ የዘይት ቀለም ቀባ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው፤ ጫፉ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ካደረግከው ስንጥቁ ይቀንሳል። ወራት ይፈጃል፤ ታገስ። በዚህ መሐል ደረቅ እንጨት የሚያመጣ ደንበኛ አይጠፋም።

ሞርሳ ከሌለኝስ?

የደብዳቤው ትልቁ ፍርሃት ይሄ ነው። የብረት ሞርሳ ከሌለ ባንኮ የለም ብሎ ያምናል። እስቲ እኔ ያለ ሞርሳ ላሠራህ።

ለመላግ፦ ባንኮው ግራ ጫፍ ላይ (ቀኝ እጅ ከሆንክ) አራት ማዕዘን ቀዳዳ በመሮ ብሳ፣ ጠበቅ የሚል ጠንካራ እንጨት በቀዳዳው አስገባ። በመዶሻ ከታች ስትመታው ከፍ፣ ከላይ ስትመታው ዝቅ ይላል። ጣውላህ ጫፉን እዚያ ላይ ያስደግፋል፣ አንተ ትገፋለህ። መላጊያው ራሱ ወደ ማቆሚያው ስለሚገፋው ሌላ መያዣ አይፈልግም።

ለማሰር፦ 16 ሚሊ ፌሮ ወደ ብረት ቀጥቃጭ ወስደህ እንደ ሽማግሌ ከዘራ አስጎብጠው፤ ጫፉን ጠፍጠፍ ያድርግልህ። ባንኮው ላይ ከፌሮው በጥቂቱ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ብሳ። ከዘራውን በቀዳዳው አስገብተህ፣ አፍንጫውን ሥራህ ላይ አሳርፈህ፣ ራሱን በመዶሻ አንዴ ደህና አድርገህ ምታው። ተጋድሞ ይነክሳል፤ በሬ ቢጎትተው አይለቅም ማለት ይቻላል። ለመፍታት ከኋላው መታ። የመጀመሪያው ቀን ቢንሸራተት ተስፋ አትቁረጥ፤ ፌሮውን በሸካራ ወረቀት አሸት አሸት አድርገው።

ጣውላን በጎኑ አቁሞ ለመያዝ፦ የባንኮውን ጠርዝ እንደ ጥርስ ቆርጠህ አውጣ፣ ጣውላውን እዚያ ውስጥ አቁም፣ በቀረው ክፍተት ሽብልቅ ምታበት። አለቀ። ረጅም ጣውላ ሲሆን ደግሞ ቀሚሱ ላይ በተለያየ ከፍታ ቀዳዳ ብሳና የእንጨት ችካል ሰካበት፤ የጣውላው ሌላኛው ጫፍ ችካሉ ላይ ያርፋል። ቀሚሱ አሁን ሁለተኛ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ትንንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የዱካ እግር፣ ለመቅረጽ ደግሞ የእናትህን ዘዴ ተጠቀም። ገመድ በሁለት ቀዳዳ አሳልፈህ ሥራውን ከላይ አቅፈው፣ ከታች የተንጠለጠለውን ቀለበት በእግርህ ርገጥ። ስትረግጥ ይይዛል፣ እግርህን ስታነሳ ይለቃል። በጣም ፈጣን ነው፤ የትኛውም ውድ ሞርሳ አይደርስበትም። ሞርሳውን ከሥራህ ትርፍ ወደፊት ትገዛዋለህ።

ኪራይ ቤት ያላችሁ ደግሞ…

"እኛ አዲስ አበባ በአንዲት ክፍል ተከራይተን እየኖርን የምን መቅበር ነው የምታወራው?" የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ። አከራያችሁ ሲሚንቶ ወለል ሲቆፈር ቢያዩ ዕቃችሁ ውጭ ያድራል።

ለእናንተ እግሩ አይቀበርም፤ ግንዱም በአራት በኩል ተጠርቦ ወይም 10 በ10 ተገዝቶ ይቆማል። በርዝመቱ በኩል ቀሚሱ ያጸናዋል። በወርዱ በኩል ግን ከእግር ወደ እግር አንድ ሰያፍ እንጨት ግድ ይላል። ለምን ሰያፍ? አራት ማዕዘን ስትገፉት ይጋደላል፣ ሦስት ማዕዘን አይጋደልም። የጉራጌን ትልቅ ሳር ቤት ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ዓይታችሁ ከሆነ ከመሐል ምሰሶው ወደ ጣራው የተዘረጉት ሰያፍ እንጨቶች ሥራቸው ይኸው ነው። ያን ያህል ጣራ የያዘ ዘዴ የእናንተን ጠረጴዛ አይንቀውም። ከዚያ ታችኛው አግዳሚ ላይ ጣውላ ረብርባችሁ የአሸዋ ጆንያ ወይም ድንጋይ ጫኑበት። ክብደት በነጻ ይገኛል። ባንኮውን ከግድግዳ አስጠግቶ ማቆምም ይረዳል፤ ግን የጋራ ግድግዳ ከሆነ ጎረቤት በመዶሻ ድምፅ ያብዳል። በብሎን ስለታሰረ ቤት ስትለቁ ፈታታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ይሄ ደግሞ ለተከራይ ከምንም በላይ ነው።

ያገለገለ ብሎን፣ አሮጌ መላጊያ፣ እጀታ የሌለው መሮ… መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። አሮጌ መሣሪያ ስትገዙ ብረቱን እዩ እንጂ እጀታውን አትዩ፤ እጀታ ባንኮ ያለው ሰው ራሱ ይሠራል።

አሁን ወደ ፍቅሩ

ቃል የገባሁት አልቀረም። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በትንሽ ጽሑፍ፣ የሚደብቃት በሚመስል ሁኔታ፣ ሌላ ነገር አለ። የሚወዳት ልጅ አለች። እሷም ትወደዋለች። ታላቅ ወንድሟ ግን ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጣ ልጁን መሬት ላይ ተቀምጦ እንጨት ሲጠርብ ዓይቶ "ፉጋ ልታገቢ ነው?" ብሎ ቤቱን አተራመሰው። ልጁ ያለቀለት ባንኮ መግዛት የፈለገበት እውነተኛው ምክንያት ይሄ ይመስለኛል። ቆሞ ሲሠራ፣ የብረት ሞርሳ ሲያዞር ቢታይ "ባለ ወርክሾፕ" ይባላል፤ ቁጢጥ ብሎ ቢታይ ያ ስድብ ይወጣል።

ከሥሩ እንየው። ዊልያም ሻክ የሚባል አሜሪካዊ አጥኚ ቸሃ ድረስ ሄዶ ያየውን በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉራጌ መጽሐፍ ላይ ጽፎታል። ፉጋ የሚባሉት ሰዎች እንጨት ጠራቢዎች፣ የቤት ምሰሶ አቋሚዎች ነበሩ። መሬት ግን አይሰጣቸውም፣ ከሌላው ጋር አይጋቡም። እስቲ አስቡት! ቤቱን የሚያቆምለት ሰው ነው፤ ምሰሶው ከቆመ በኋላ ግን ሰውየው ውጭ ይቀራል። ሰሜን ሄዳችሁም ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን "ቡዳ" የሚል ታገኛላችሁ። ያው በሽታ ነው። ለወንድምየው የምለው አለኝ፤ አንተ አዲስ አበባ የምትተኛበትን አልጋ፣ ሱቅ ካለህም መደርደሪያህን፣ ማን የሠራልህ ይመስልሃል?

ለጸሐፊያችን ደግሞ፦ ወንድምየው "ፉጋ" ሲልህ "አይደለሁም" ብለህ መሐላ ውስጥ አትግባ። መሐላ ስድቡን ትክክል ያደርገዋል። ያ ሙያ ከእነሱ እጅ ስለመጣ አታፍርበት፤ እንዲያውም በአካባቢህ ከእነዚያ ቤተሰቦች የቀሩ ሽማግሌ ጠራቢ ካሉ ሂድና ከጎናቸው ተቀመጥ፣ በቴክኒክና ሙያ ያላስተማሩህን የመጥረቢያ አያያዝ ያሳዩሃል። ልጅቷን በተመለከተ፣ እሷ ራሷ ምን እንደምትል አልጻፍክልንም። ጠይቃትና ጻፍልን። ወንድሟን ለማሳመን ሲባል ግን የአባትህን ጓሮ ባዶ አታስቀር። ሰውየው ባንኮህን ሳይሆን ኪስህን ነው የሚያየው፤ ኪስ ደግሞ በሥራ ይሞላል።

ለመጀመሪያ ሥራ በርና መስኮት አትቀበል። ዱካ ሥራ፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር፣ ቀጥሎ ትንሽ ጠረጴዛ። ባንኮህ የት ጋ እንደሚነቃነቅ፣ ማቆሚያው ከየት በኩል ቢሆን እንደሚሻል በእነዚህ ታውቃለህ፤ ቢበላሽም የተበላሸው ዱካ ነው። አሮጌው የእንሰት መፋቂያ ሳንቃ ካረጀ ለእናትህ አዲስ ልጋላቸው፤ እግረ መንገድህን መላጊያህ መሳሉን ታያለህ።

ብሎኖቹን ደግሞ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ አጥብቃቸው። በጋው ሲገባ አንድ ጊዜ ላዩን ሙሉ በሙሉ ላገው፤ ያን ጊዜ ጣውላው ጠምዘዝ ብሎ ታገኘዋለህና። ምስማሮቹ መቀበራቸውን አስቀድመህ በጣትህ ዳብስ።